ከ9 ሰዓት በፊት የማይከፈተው የጾም ምግብ ቤት፤ ደሴ

በደሴ ከተማ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከቆርቆሮ አጥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ የጾም ምግብ ቤት አለ። በሩ ላይ በቀለም ከተጻፈው «የጾም ምግብ አለ» ከሚለው ጽሑፍ በቀር ስም የለውም። በጾም ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት አይከፈትም፤ ቢያንኳኩም፣ ቢለምኑም፣ ቢቆጡም አይከፈትም። በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ወደዚያ ስሄድ ይህን ሥርዓቱን አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ ቤቱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከምግቡ ጣዕም ይልቅ ይኸው የተዘጋ በር ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ጉድለቱም እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ቤቱን እንደ ማንኛውም ምግብ ቤት ብቻ ብመዝነው ዋናውን ነገር መተው ይሆንብኛል፤ ምክንያቱም በልቤ አምንበት የነበረውንና በእጄ የማልሠራውን ነገር መሥራት የጀመርኩት በዚህ ቤት ገበታ ላይ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ሁኔታ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን የማይጾም ሰው በቤታችን አልነበረም። ሥራ ይዤ፣ ትዳር መሥርቼም ጾሙን አልተውኩትም፤ ሆኖም ቀስ በቀስ ጾሜ ምግብ መቀየር ብቻ ሆኖ ቀረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዘይት የተሠራ ፉል በልቼ ቢሮ እገባለሁ፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በያይነቱ አዝዛለሁ፤ ማታም እንደ ልማዴ ከቤተሰቤ ጋር እራቴን እበላለሁ። ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስላልቀመስኩ ጾመኛ ነኝ እላለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን የሚወስነው የምግቡን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከምግብ ተለይቶ የሚቆይበትን ሰዓት ጭምር ነው፤ በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ብዙው ምእመን የሚይዘው መቆያም 9 ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ ሽባውን ያገኙት በዚህ ሰዓት ነው፤ ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስም መልአኩ ተገልጦ ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ማረጉን የነገረው በዚሁ በ9 ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ብጠየቅም እመልሰው ነበር። ቁርሴን ግን አንድም ቀን አላስቀረብኝም።

በመጀመሪያው ቀን የደረስኩት ከ8 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነበር። ከቢሮ የወጣሁት ምሳ አምልጦኝ ስለነበር በጣም ርቦኛል። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መንደሩን ሸፍኖታል፤ ብርዱም የደሴ ብርድ ነው። በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ የተመለሱ እናቶች ናቸው፤ አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው። ላንኳኳ እጄን ስዘረጋ ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ገና ነው፤ 9 ሰዓት ሲሆን ይከፈታል» አለኝ። ሌላ ቦታ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከእናቶቹ አንዷ «20 ደቂቃ ናት፣ ልጄ፤ ከጠዋት ጀምሮ የቆየህባትን አታበላሻት» ሲሉኝ አፈርኩ፤ ጠዋት ፉል መብላቴን አልነገርኳቸውም። እዚያው ቆምኩ። ጾምን ሰዓት ጠብቄ የተቀበልኩት ያን ቀን ነው፤ 20 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረኝም።

ልክ 9 ሰዓት ሲሆን የቤቱ እመቤት በሩን ከፈቱ። ሁሉም «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። በበርሜል ውኃ፣ በጆግና በሳሙና እጅ ያስታጥባሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይቀመጥ በቁም «አባታችን ሆይ» ይባላል፤ የሚያስጀምር የተመደበ ሰው የለም፤ ከቆሙት አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። ጸሎቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንዲያም ሆኖ ምግብ ቤት ውስጥ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ቆሞ መጸለይ ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር፤ በየቤታችን እንኳ ማዕድ ሲቀርብ በልባችን አማትበን ወደ ምግቡ የምናልፈው እንበዛለን።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ቤቱ የሚያቀርበው በያይነቱና ሽሮ ብቻ ነው። በያይነቱ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ የሱፍ ፍትፍትና ስልጆ ይቀርባል፤ አንዳንድ ቀን ተልባ ይጨመራል። እንጀራው ጤፍ ከማሽላ የተቀላቀለበት ነው፤ እርሾው ደርሶ የተጋገረ ስለሆነ ዓይኑ የጠራና ሲቆርሱት የማይበጣጠስ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቤት ከሌሎች የሚለየው ስልጆው ነው፤ በደሴ እንዲህ ያለ ስልጆ ሌላ ምግብ ቤት አላገኘሁም። አንድ ቅዳሜ ጓዳ ገብቼ ሲሠሩት አይቻለሁ። ሱፉ ተቆልቶ ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለልና ወተት የመሰለ ፈሳሹ ይወጣል፤ ያ ፈሳሽ ከባቄላ ዱቄት ጋር በቀስታ እየተማሰለ ይበስላል። እትዬ ማማሰያውን ከእጃቸው አይለዩትም፤ ለአፍታ ቢተዉት ይጓጉላል ይላሉ። ከበሰለ በኋላ ቀዝቅዞ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና በሸክላ ዕቃ ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ሲወጣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሰናፍጩ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ በትንሽ መጠን ብዙ እንጀራ የሚያስበላ ይሆናል። ሌላ ቤት ሰናፍጩን በመጨረሻ ጨምረው በዚያው ቀን ያቀርቡታል፤ ጣዕሙ የተለየ መሆኑ ያስታውቃል።

ሌላው የወደድኩት ቤቱ የፍስክ ምግብን የሚመስል የጾም ምግብ አለመሥራቱ ነው። በአሁኑ ጊዜ የጾም ክትፎ፣ የጾም ዱለት፣ የጾም ጥብስ እየተባለ የሚቀርበው በዝቷል፤ አቅራቢዎቹን አልወቅስም፤ ፈላጊ ስላለ ነው። ለእኔ ግን አፌ የሚያስታውሰው ሥጋውን ከሆነ ከምን እንደ ተለየሁ ይጠፋብኛል። እትዬ ስለዚህ ነገር ስጠይቃቸው «ሽሮ ሽሮ ይምሰል፣ ልጄ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በኩሽናው ቅቤም ሥጋም ፈጽሞ ስለማይገባ በድስት የመቀላቀል ሥጋት የለም። ይህን የማነሣው ከዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት የጾም ሽሮ ብዬ አዝዤ ቅቤ ያለበት ስለቀረበልኝ ነው፤ አስተናጋጁ ይቅርታ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጓዳውን ያላወቅሁት ቤት በጾም ለመብላት እጄ ይይዘኛል።

በሩ እስከ 9 ሰዓት ይዘጋል ስል ለሁሉም ማለቴ አይደለም። ከአጥሩ በስተጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ ክፍል ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ከ5 ሰዓት ጀምሮ ምግብ ይሰጣል። የሚገባውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይህ የእትዬ ጥብቅ ትእዛዝ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ የሚበላበትን ሰዓት ስላስተካከለ በዚያች ክፍል ይመገባል፤ ከእኛ ያነሰ ጾመኛ ነው ብሎ የሚያየውም የለም። ሥርዓትን አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ደካማውን መሸከም ይከብዳቸዋል፤ እዚህ ቤት ሁለቱ አብረው መኖራቸውን ሳይ ተጽናንቻለሁ።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። ከመክፈያው አጠገብ በመቆለፊያ የተዘጋ፣ አፉ ላይ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን አለ፤ በላዩ ላይ «የቁርስ» ተብሎ ተጽፏል። በመጀመሪያ ቀን ለሠራተኞቹ የሚሰጥ ጉርሻ መስሎኝ 10 ብር ከተትኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከፊቴ የቆሙ አንድ አዛውንት የምግባቸውን ከፍለው ሲያበቁ ከኪሳቸው ተጣጥፎ የተቀመጠ ሌላ ገንዘብ አውጥተው እየቆጠሩ ሲከቱ አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው «ጠዋት ያልበላሁት ነው» አሉኝ። ጾመኛ ቁርሱን ሲተው የቁርሱ ዋጋ በኪሱ ይቀራል፤ ሣጥኑ የተቀመጠው ያ ገንዘብ ወደ ራሱ እንዳይመለስ ነው። በሚሰበሰበው ገንዘብ በየሳምንቱ ሐሙስ እንጀራና ወጥ ተሠርቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያንና ሆስፒታል ተኝተው ጠያቂ ለሌላቸው ሕሙማን ይሄዳል።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ አሰብኩ። የእኔ ቁርስ 80 ብር ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ብዬ ሳሰላው 400 ብር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቁርስ ቀርቶብኝ ቢሆን ኖሮ ያ 400 ብር የት ይሄድ ነበር? እኔ ጋር ይቀር ነበር፤ ምናልባትም ለፋሲካ በግ ይጨመር ነበር። እንዲህ ከሆነ የእኔ ጾም ቁጠባ ነው ማለት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባት፣ የተራቆተውን ማልበስ መሆኑን ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! በቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ በፍትሐ ነገሥትም 14ኛው አንቀጽ ስለ ጸሎት፣ 15ኛው ስለ ጾም፣ 16ኛው ስለ ምጽዋት ይናገራል፤ ሦስቱ ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው። እኔ ግን መካከለኛውን ብቻ፣ እርሱንም በግማሹ ይዤ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቁርሴን ተውኩ፤ 80 ብሩን በወረቀት ጠቅልዬ በደረት ኪሴ አደረግኩት። ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ይሰማኝ ነበር፤ 5 ሰዓት ላይ ሆዴ ሲጮኽ እጄ ወደዚያ ኪስ ይሄድ ነበር፤ ረኃቡም የማን እንደሆነ አስታወሰኝ። ይህን የምጽፈው ምጽዋቴን ለመቁጠር አይደለም፤ 80 ብር በምንም መመዘኛ ብዙ አይደለም። የምጽፈው የሣጥኑን አሠራር ሌላውም በየቤቱ ሊያደርገው ስለሚችል ነው፤ ምግብ ቤት አያስፈልገውም፤ አንድ ጣሳና አንድ መቆለፊያ ይበቃዋል።

የአቀማመጡ ነገርም ሊጻፍ የሚገባው ነው። ቤቱ ለየብቻ የሚቀርብ ሳህን የለውም፤ የመጣው ሰው አራት አራት እየሆነ በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ የሚወስኑት እትዬ ናቸው። ደሴ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በገበታ የሚጠላ፣ የሚናቅ እንደሌለ ስሙ ይናገራል። ስሙን መጥራት ግን ቀላል ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ እትዬ «እዚህ ይቀመጡ» ብለው ያመላከቱኝ ትሪ ላይ ከ2 ዓመት በላይ ሰላምታ ያቋረጥን የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ተቀምጦ ነበር። የተጣላነው በንብረት ርክክብ ላይ በተነሣ ነገር ነው፤ እርሱ እኔን፣ እኔም እርሱን በጽሑፍ ከስሰናል። ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ነገሩን አላወቁም፤ ወይም ያወቁ አልመሰለኝም። «ትሪው አንድ ነው፤ ካልሆነልዎት እቋጥርልዎታለሁ» አሉኝ።

ልወጣ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከአፍታ በፊት በቁሜ «እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብዬ ጨርሼአለሁ፤ እርሱም ከእኔ ሁለት ሰው ርቆ ቆሞ ያንኑ ቃል ብሏል። ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ማናችንም ቀና አላልንም። እኔ የምቆርሰው በእኔ በኩል ካለው ጥግ ብቻ ነው፤ እርሱም እንዲሁ፤ መካከሉ ሳይነካ ቀረ። ስልጆው ተደርጎ የነበረው በእርሱ በኩል ነው። ጥቂት ቆይቶ በእንጀራ ጠቅልሎ ሳይሆን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አቀረበውና «ብላ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ያን ቀን ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። በኋላ የመሥሪያ ቤታችንን ሁለት ሽማግሎች ይዘን ነገሩን በሰላም ጨርሰነዋል፤ እርሱም ረጅም ነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን የጌታችንን ትእዛዝ ስብከት ላይ ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን የምነቀንቅ ሰው ነበርኩ፤ ልፈጽመው የቻልኩት ግን ሌላ ትሪ ባለመኖሩ ነው።

ስለ ቤቱ አነሣሥ እትዬ ብዙ መናገር አይወዱም። ከሠራተኞቹ እንደ ሰማሁት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበረበት ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች በየቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ያደርሱ ነበር፤ ሽሮው የሚሠራው በእትዬ ግቢ ነበር። በኋላ ጦርነቱ ራሷን ደሴን ደረሰባት፤ ሁሉም ተበተነ። ሲመለሱ ትልልቆቹ ድስቶች ስለቀሩ በእነርሱ ምግብ ቤቱን ጀመሩ። የሐሙሱ ምግብ ዛሬም የሚሠራው ከእነዚያ ድስቶች በአንዱ ነው።

ወሎ ላይ ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ሲጻፍ ጎረቤትን መዝለል አይቻልም። ቀይ ሽንኩርቱንና ድንቹን ለቤቱ የሚያቀርቡት ሙስሊም ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የረመዳን ጾም በዐቢይ ጾም ውስጥ ገብቶ ስለነበር እትዬ አመሻሽ ላይ ከስልጆውና ከምስሩ ለጎረቤታቸው ማፍጠሪያ ሲልኩ፣ ከዚያ ቤት ደግሞ ለቅዳሜው ማዕድ በዘይት የተጠበሰ ባለ ምስር ሳምቡሳ ይመጣ ነበር። ማንም የማንንም ሥርዓት አላፈረሰም። ሙስሊሟ እናት በጾም ደክመው ሽንኩርቱን ከጋሪ ሲያወርዱ እትዬ ሮጠው ሲቀበሏቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚጾም ሰው የሌላውን ጾም ድካም ያውቃል።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር፤ ስለምወደው ዝም ብል ለቤቱም አይጠቅምም። አንደኛ፣ ምስር ወጡ ላይ ጨው ይበዛል፤ ከ9 ሰዓት ጾም በኋላ ጨው የበዛበት ምግብ ሌሊቱን ሙሉ ያስጠማል፤ ሦስት ጊዜ ነግሬአለሁ፣ ሁለት ቀን ተስተካክሎ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ለቤት የሚወሰደው ትኩስ ወጥ በስስ ፌስታል ተቋጥሮ ይሰጣል፤ ይህ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ መንገድ ላይም ይፈስሳል፤ ከዚያ የሚወስድ ሰው የራሱን ሰሃን ወይም የምሳ ዕቃ ይዞ እንዲሄድ እመክራለሁ። ሦስተኛ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ያሉት የድንጋይ ደረጃዎች በክረምት ያንሸራትታሉ፤ ባለፈው ፍልሰታ አንዲት አሮጊት ወድቀው ክንዳቸውን ተጎድተዋል፤ መደገፊያ እንጨት ቢተከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከ9 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ያለው መጨናነቅም አለ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ይህን ጉድለት ልለው አልችልም።

ከሁሉ በላይ የምለው ግን ስለ ሣጥኑ ነው። በሣጥኑ ምን ያህል እንደ ገባና እንዴት እንደ ወጣ የሚገልጽ ጽሑፍ የትም አልተለጠፈም። ይህን ለእትዬ በአክብሮት አንሥቼ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏልና ባይነገር ይሻላል» ብለውኛል። በእትዬ ታማኝነት ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም፤ ሐሙስ ሐሙስ አብሬ ተሸክሜ ስለሄድኩ የሚወጣውን ምግብ አውቀዋለሁ። ቢሆንም በዚህ ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። የተሰወረ ምጽዋት የሚባለው የራስን መሰወር ነው፤ የብዙ ሰው አደራ ግን ቁጥር ያስፈልገዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በዕለት ዕለቱ እደላ መበለቶቻችን ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት «ታመኑን» ብለው ዝም አላሉም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው በሥራው ላይ እንዲሾሙ አደረጉ። ለእንዲህ ያለች ሣጥን ሁለት ቆጣሪዎችና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ቢኖር የእትዬን ስም ይጠብቃል፤ አዲስ ለሚመጣውም ሰው ልብ ይሰጣል። እስካሁን አልተለጠፈም። እኔም ማንሣቴን አልተውኩም።

በእኔ ቤት ምን ተለወጠ ለሚለኝ፣ የተለወጠው ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ የሚደረግ ነው። ባለቤቴና እኔ በጾም ቀን 9 ሰዓት ላይ፣ እርሷ ኮምቦልቻ ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ እኔ ደሴ ሆኜ፣ ያለንበት ቦታ ቆመን «አባታችን ሆይ» እንላለን፤ ስልካችንን ለዚያ ሰዓት እንዲደውል አድርገነዋል። ልጆቻችን ሕፃናት ስለሆኑ ሰዓት አይጠብቁም፤ ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ ከሚገዛላቸው ብስኩት የአንዱን ዋጋ በጣሳ ይከታሉ፤ ትልቋ ልጄ ጣሳው ላይ የሣጥኑን ቃል ጽፋበታለች። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ረስቼ በስብሰባ ላይ ሻይና ዳቦ በልቻለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ነገ ጀምር» ብለውኛል። በዓለ ሃምሳ ሲደርስ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሌለ ልምዱ ይጠፋብናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የ9 ሰዓቱን ጸሎት ሳንተው ስለቆየን የሐዋርያት ጾም ሲገባ እንደ አዲስ አልከበደንም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ በያይነቱ 130 ብር፣ ሽሮ 90 ብር ነው፤ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይከፈላል። የሌለው ሰው «ዛሬ የለኝም» ካለ ይበላል። በጾም ቀን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። በፍስክ ወራት ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይሠራል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። በሰሙነ ሕማማት በዘይት የሚሠራ ነገር አይቀርብም፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ተቀቅሎ ለመጣው ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በሚኬድበት ሰሞን በደሴ የሚያልፉ ምእመናን በዚያች በኋላ ባለችው ክፍል በማንኛውም ሰዓት ይስተናገዳሉ፤ ስንቅም ይቋጠርላቸዋል። ስልጆ ለቤት መግዛት የምትፈልጉ ሰኞ ብትናገሩ ቅዳሜ ይደርሳል፤ ዕቃውን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከ8 ሰዓት በፊት ተነሡ፤ የሐረጎ መንገድ ላይ ጉም ከወረደ መኪናው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ደግሞ ስልጆው አልቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል።